ጌይ-ሉሳክና ነበልባል የማይዘው ጨርቅ

የጋዞችን ጠባይ በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሁሉ የጌይ-ሉሳክን ስም ያውቃል። ጋዞች በሙቀት ምክንያት ምን ያህል እንደሚሰፉ፣ እርስ በርሳቸው ሲዋሐዱም በምን ዓይነት የይዘት ንጽጽር እንደሚዋሐዱ የሚያስረዱት ሕጎች ከስሙ ጋር ተያይዘው ይነገራሉ። በላቦራቶሪ ውስጥ ቢዩሬትና ፒፔት ይዞ የሚሠራ ባለሙያም የሚይዘው እርሱ ያሻሻላቸውንና ስማቸውን ያስለመደውን ዕቃ ነው። ብዙ ሰው ያላስተዋለለት፣ ነገር ግን የብዙ ሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ሥራው ግን በ1821 ያሳተመው አንድ አጭር ጽሑፍ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጽሑፉ ጨርቅ ጨው በሟሟበት ውሃ ተነክሮ እንዴት ከነበልባል እንደሚጠበቅ ያስረዳል። ዛሬ በሆቴል መግቢያ፣ በገበያ ማዕከልና በሠርግ አዳራሽ የሚቆመው ሰው ሠራሽ ዛፍና አበባ እሳት እንዳያዛምት የሚደረግለት መከላከያ ሥሩ ከዚያ ጽሑፍ ይመዘዛል።

ዦዜፍ ሉዊ ጌይ-ሉሳክ ዲሴምበር 6 ቀን 1778 በመካከለኛው ፈረንሳይ፣ ሊሙዜን በሚባለው አውራጃ፣ ሴን-ሌዮናር በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ አንቷን ጌይ የሕግ ሰውና የንጉሡ ሹም ነበር። ጌይ የሚለው ስም በአካባቢው ስለ በዛ፣ ቤተሰቡ ርስት የነበረበትን የሉሳክን መንደር ስም በስሙ ላይ ጨመረ። ልጁ አሥር ዓመት እንደ ሞላው አብዮቱ ፈነዳ። የንጉሥ ሹም መሆን የሚያስጠረጥር ወንጀል በሆነበት በ1793 የወጣው የተጠርጣሪዎች ሕግ አባቱን ለእስር ዳረገው፤ ከሞት የተረፈውም ለጥቂት ነው። አብዮቱ በረድ ሲል ወጣቱ ወደ ፓሪስ ተልኮ በ1797 የመግቢያውን ፈተና በማለፍ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። ይህ ተቋም በዚያን ጊዜ የፈረንሳይን ምርጥ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን አሰባስቦ የያዘ፣ ተማሪን በዘሩ ሳይሆን በፈተና ውጤቱ የሚቀበል አዲስ ትምህርት ቤት ነበር።

በዚያ ከታላቁ ኬሚስት ከክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ጋር ተገናኘ። እንደሚተረከው፣ ቤርቶሌ አንድ የራሱን ሐሳብ እንዲያረጋግጥለት ለወጣቱ ሙከራ ቢሰጠው፣ ጌይ-ሉሳክ መምህሩ ከጠበቀው ጋር ተቃራኒ የሆነ ውጤት ይዞ መጣ። ሽማግሌው አልተቆጣም፤ ይልቁንም እንዲህ ያለ ሰው ለዕውነት የተፈጠረ ነው በማለት አርኬይ በሚገኘው የግል ላቦራቶሪው ረዳት አድርጎ ወሰደው። ከዚህ በኋላ ያለው ሕይወቱ በሙሉ የመለካት ሕይወት ነው። በ1802 የጋዞችን መስፋት ሲመረምር ማንኛውም ጋዝ ለእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ በበረዶ ነጥብ ላይ ከነበረው ይዘት 1/266.66 ያህል እንደሚጨምር አስታወቀ። ዛሬ የሚታወቀው ቁጥር 1/273.15 ነው። ከ15 ዓመት በፊት ዣክ ሻርል የተባለ ሰው ተመሳሳይ ነገር አይቶ ሳያሳትመው መቅረቱንም ራሱ ጌይ-ሉሳክ በጽሑፉ አስታወቀለት። ሕጉ በብዙ መጻሕፍት የሻርል ሕግ ተብሎ የሚጠራው በዚሁ ቅንነቱ የተነሣ ነው።

ለመለካት ሲል ሰማይም ወጥቷል። ኦገስት 24 ቀን 1804 ከዣን ባፕቲስት ቢዮ ጋር በሃይድሮጅን በተሞላ ባሉን ተነሥቶ የምድርን የማግኔት ኃይል መረመረ። በቂ ከፍታ አላገኘንም ብሎ ሴፕቴምበር 16 ቀን ብቻውን ተነሣ፤ 7016 ሜትርም ደረሰ። ከዚያ ከፍታ በላይ ለመድረስ የቻለ ሰው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አልተገኘም። እጁ በብርድ እየደነዘዘ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ አየር የተመጠጠባቸውን ጠርሙሶች ከፍቶ የከፍታውን አየር ሞላባቸው። ፓሪስ ተመልሶ ሲመረምረው የኦክሲጅኑ ድርሻ ከመሬት አየር ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ባሉኑን ለማቅለል ሲል ዕቃ ወደ ታች ይጥል ነበርና፣ ከጣላቸው ነገሮች አንዲት ተራ የእንጨት ወንበር በግ ትጠብቅ ከነበረች ልጃገረድ አጠገብ እንደ ወደቀች ይወራል። ሰማዩ ጥርት ያለ በመሆኑ የመንደሩ ሰዎች ወንበሯ ከገነት የመጣች ናት ሊሉ ቃጥቷቸው ነበር ይባላል፤ ያመነቱት የአሠራሯን ሻካራነት አይተው ነው።

በ1805 ከጀርመናዊው መንገደኛና ሊቅ ከአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ጋር በመተባበር ውሃ ከሁለት እጅ ሃይድሮጅንና ከአንድ እጅ ኦክሲጅን እንደሚገኝ በይዘት አረጋገጠ። ከዚህ ተነሥቶ በ1808 መጨረሻ ጋዞች ሁሉ በቀላል የቁጥር ንጽጽር እንደሚዋሐዱ የሚገልጸውን ታላቅ ሕጉን አቀረበ። በዚሁ ዓመት ከባልንጀራው ከሉዊ ዣክ ቴናር ጋር ሆኖ ቦሪክ አሲድን በፖታሲየም አማካይነት በመፈራረስ ቦሮን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። በለንደን ሃምፍሪ ዴቪም በተመሳሳይ ጊዜ ከዚሁ ደርሶ ነበር። ቦሮን የቦራክስ መሠረት ነው፤ ቦራክስ ደግሞ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በጨርቁ ሥራ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ይኸው ፖታሲየም ግን በዚያው ዓመት በእጁ ላይ ፈንድቶ ለብዙ ጊዜ ዓይነ ስውር ሊያደርገው ተቃርቦ ነበር። ዓይኑ ፈጽሞ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። እሳትን በቃል ብቻ ሳይሆን በገዛ አካሉ ያወቀ ሰው ነው ቢባል አያስኬድም አይባልም።

በ1809 ዤንቪየቭ ሮዦ የተባለች ወጣት አገባ። የተገናኙበት ሁኔታ ለኬሚስት የሚገባ ነው፤ ልጅቷ የተልባ እግር ጨርቅ በሚሸጥበት ሱቅ ተቀጥራ ስትሠራ ከመደርደሪያው ሥር ደብቃ የምታነበው መጽሐፍ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሆኖ ቢያገኘው ነገሩ ደነቀውና መነጋገር ጀመሩ ይባላል። ትዳራቸው እስከ ዕለተ ሞቱ በፍቅር የጸና ነበር። በኋላ በእሳት ፊት ካቀረባቸው ጨርቆች አንዱም ይኸው የተልባ እግር ነበር።

በ1810ዎቹ ዓመታት ጌይ-ሉሳክ አዮዲንንና ሳያኖጅንን መርምሮ ዝናው በመላው አውሮፓ ተሰማ። በ1816 ከወዳጁ ከፍራንሷ አራጎ ጋር የኬሚስትሪና የፊዚክስ መጽሔት አዘጋጅነትን ያዘ። በ1818 ደግሞ መንግሥት የባሩድ ጉዳይ አማካሪ አድርጎ ሾመው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ በፈረንሳይ ስለሚነድድና ስለማይነድድ ነገር የሚጠየቅ ሰው ቢፈለግ ከእርሱ የተሻለ አልነበረም።

የሚጠየቅበት ምክንያትም ሞልቶ ነበር። የዚያ ዘመን ቴአትር ቤት እሳት ሊይዝ የተዘጋጀ ክምር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መድረኩ እንጨት ነው፤ ከጣሪያው የሚወርደው ሥዕል፣ ጫካና ሰማይ ሆኖ የሚታየው ሁሉ፣ በቀለም የተቀባ ሸራ ነው፤ መብራቱ ሻማና የዘይት ፋኖስ ነው። በ1799 የተቃጠለው የፓሪሱ ኦዴዮን ቴአትር እንደገና ተሠርቶ ሳለ በማርች 1818 ሁለተኛ ጊዜ ተቃጠለ። ንጉሥ ሉዊ 18ኛ የቴአትር ጨርቆች ከእሳት የሚጠበቁበትን መንገድ እንዲፈልግ ጌይ-ሉሳክን ያዘዘው በዚህ ጊዜ ነው።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1638 ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳባቲኒ የመድረክ ሸራ የሚቀባበት ቀለም ውስጥ ሸክላና ጀሶ እንዲጨመር መክሮ ነበር። በ1735 ኦባዲያ ዋይልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሻብ፣ የብረት ሰልፌትና ቦራክስ ያለበትን ድብልቅ በፓተንት አስመዘገበ። በ1783 የሞንጎልፊየር ወንድማማቾች የባሉናቸውን ጨርቅና ወረቀት በሻብ እንደ ቀቡት ይታወቃል። እነዚህ ሁሉ ግን እንደ ባህላዊ መድኃኒት ናቸው፤ አንዱ ሠራልኝ ይላል፣ ሌላው አልሠራልኝም ይላል፣ ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም። ለምን እንደሚሠራ ያልታወቀ መድኃኒት ደግሞ መቼ እንደማይሠራ አይታወቅም።

ጌይ-ሉሳክ የጀመረው ጥያቄውን በማስተካከል ነው። ጨርቅን ጨርሶ እንዳይቃጠል ማድረግ አይቻልም፤ በበቂ ሙቀት ፊት የቀረበ የአትክልት ጭረት ሁሉ ይከስላል። የሚፈለገው ጨርቁ በቶሎ እንዳይቀጣጠል፣ ቢነካም ያለ ነበልባል እንዲከስል፣ እሳቱ ሲወሰድለት በራሱ እንዲጠፋና ወደ ጎረቤቱ እንዳያዛምት ነው። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል እንጂ ዛሬም በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ የሚስቱት ነው። ሻጭ ይህ ዕቃ አይቃጠልም ሲል ገዢ ያምናል፤ ትክክለኛው ቃል ግን ነበልባል አያዛምትም ነው።

ቀጥሎ ልዩ ልዩ ጨዎችን በውሃ እያሟሟ፣ የተልባ እግርንና ጁትን እየነከረ፣ እያደረቀ በነበልባል ፈተናቸው። የተሻለ ውጤት የሰጡት የሰልፈሪክ፣ የሃይድሮክሎሪክና የፎስፎሪክ አሲዶች የአሞኒየም ጨዎች ሆኑ። ከሁሉ የላቀው ደግሞ የአሞኒየም ክሎራይድ፣ የአሞኒየም ፎስፌትና የቦራክስ ድብልቅ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን የጽሑፉ ታላቅነት ቅመሙን በማግኘቱ ብቻ አይደለም። የሚጠቅሙት ጨዎች በሁለት ወገን እንደሚከፈሉ አስተዋለ። አንደኞቹ በዝቅተኛ ሙቀት ቀልጠው ጭረቱን እንደ መስታወት ባለ ሽፋን ይለብጡታል፤ አየርም አይደርሰውም። ቦራክስ የዚህ ወገን ነው። ሁለተኞቹ ሲሞቁ ተበትነው የማይነድድ ተን ያወጣሉ፤ ይህም ከጨርቁ የሚወጣውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያቀጥነዋል። የአሞኒየም ጨዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለቱን ወገኖች ያጣመረ ድብልቅ ከሁለቱም የተሻለ የሆነበት ምክንያት በዚህ ይገለጻል።

ይህን የጻፈው ሴሉሎስ የሚባለው የእፅዋት አካል መሠረት ተለይቶ ከመታወቁ በፊት ነው፤ አንሴልም ፔየን ሴሉሎስን ለይቶ ያስታወቀው በ1838 ነውና። ዛሬ የሚታወቀው ሦስተኛ ነገር ከጌይ-ሉሳክ ዓይን የተሰወረው በዚህ ምክንያት ነው። አሞኒየም ፎስፌት ሲሞቅ ፎስፎሪክ አሲድ ይተዋል፤ አሲዱም ሴሉሎስን ውሃውን ነጥቆ ወደ ከሰል ይለውጠዋል። ወደ ነበልባል የሚሄደው ተቀጣጣይ ተን ያንሳል፣ በቦታው የሚቀረው ከሰል ይበዛል። ሁለቱ ምክንያቶቹ ግን እስከ ዛሬ ጸንተዋል፤ በጥጥ፣ በወረቀትና በደረቀ ተክል ላይ የሚረጨው የንግድ ቅመም ብዙውን ጊዜ የዚያው የ1821ዱ ቤተሰብ ነው።

ጉድለቱም አብሮ ተወርሷል። ጨዎቹ በውሃ የሟሙ ናቸውና ውሃ መልሶ ያጥባቸዋል። አንድ ጊዜ የታጠበ መጋረጃ ጥበቃውን ከእጣቢው ጋር ደፍቶታል ማለት ነው። እርጥበት ያለበት አዳራሽም ጨዉን ቀስ በቀስ ያስወጣዋል። ጨርቁ ይደርቃል፣ ይደነድናል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አንዳንድ ጊዜም ነጭ ዱቄት ይተፋል። በዚህም የተነሣ ጌጡን ለዓይን የሚፈልገው ሰውና ለደኅንነት የሚያስበው ሰው ሁልጊዜ ይጣላሉ።

ይህ ጠብ ሕይወት ማስከፈል የጀመረው ሳይውል ሳያድር ነው። የፓሪስ ኦፔራ በ1822 የጋዝ መብራት ካስገባ በኋላ አደጋው ባሰ። በ1859 በፈረንሳይ የመድረክ ልብስና ሸራ ካርትሮን በተባለ ሰው ዘዴ እንዲነከር ታዘዘ። በዚያው ዓመት ፌርስማንና ኦፐንሃይም በእንግሊዝ አገር የብዙ ጨዎችን ኃይል አወዳድረው አሞኒየም ሰልፌትንና ሶዲየም ታንግስቴትን መረጡ፤ የኋለኛው የተመረጠው ካውያ የሚነካውን ልብስ ስለማያበላሽ ነበር። ሆኖም የታወቀችው ዳንሰኛ ኤማ ሊቭሪ የተነከረው ቀሚስ ደንዳናና ዳማ ሆነብኝ ብላ ሳትቀበለው ቀረች። ኖቬምበር 15 ቀን 1862 በልምምድ ላይ ሳለች ስስ ቀሚሷ ከጋዝ መብራት እሳት ያዘ። ስምንት ወር ተሠቃይታ በ20 ዓመቷ ሞተች። ቅመሙ ታውቆ ከታተመ ያን ጊዜ 41 ዓመት ሆኖት ነበር።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት አደጋው ከመድረክ ወርዶ ወደ ተመልካቹ መቀመጫ መጣ። የምሽት ክበቦች፣ ምግብ ቤቶችና የዳንስ አዳራሾች ጣሪያና ግድግዳቸውን በተክል መልክ ማስጌጥ ጀመሩ። በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት በናቸዝ ከተማ አንድ የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ አዳራሽ ጣሪያው በደረቀ የዛፍ ሽበት ተሸፍኖ ነበር። ነፍሳት እንዳይረቡበትም ከነዳጅ የተሠራ የነፍሳት መግደያ ተረጭቶበታል። ኤፕሪል 23 ቀን 1940 እሳት ሲነሣ መስኮቶቹ በሳንቃ የተዘጉ ነበሩና 209 ሰዎች ሞቱ። የረጨው ሰው ዓላማው ጥሩ ነበር፤ ጌይ-ሉሳክ ነበልባልን የሚያስታግስ ነገር በጨርቅ ውስጥ ሲያኖር፣ በዚህ አዳራሽ ግን ነበልባልን የሚመግብ ነገር በተክሉ ላይ ተጨመረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 28 ቀን 1942 ቅዳሜ ማታ፣ በቦስተን የደረሰው ከዚህ የባሰ ነው። ኮኮናት ግሮቭ የተባለው የምሽት ክበብ በሰው ሠራሽ የዘንባባ ዛፎች ያጌጠ፣ ጣሪያው በጨርቅ የተወጠረ፣ የሞቃት ደሴት መልክ የተሰጠው ቤት ነበር። የተፈቀደለት የሰው ቁጥር 460 ሲሆን በዚያ ሌሊት 1000 ያህል ሰው ተጨናንቆበት ነበር። ምድር ቤት ባለው መጠጥ ቤት፣ አንድ እንግዳ የነቀለውን አምፖል ለመመለስ ሠራተኛ ክብሪት ጫረ። ጥቂት ቆይቶ በዘንባባው ቅጠል ላይ እሳት ታየ። በይፋ ምርመራ ግን የእሳቱ መነሻ ያልታወቀ ተብሎ ተመዘገበ። ነበልባሉ ከቅጠሉ ወደ ጣሪያው ጨርቅ፣ ከጣሪያው ወደ ደረጃው ዘልቆ በአምስት ደቂቃ ያህል ውስጥ ትልቁን አዳራሽ ያዘ። ዋናው መውጫ ተሽከርካሪ በር ስለ ነበረ በሰው ብዛት ታንቆ ቆመ፤ ሌሎቹም በሮች ብዙዎቹ የተቆለፉ ነበሩ። 492 ሰዎች ሞቱ።

ሙያው ሊያስብበት የሚገባው ነገር ከአደጋው ስምንት ቀን በፊት የሆነው ነው። የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ መጥቶ በጌጡ ላይ ክብሪት ለኩሶ ሞክሮ ነበር፤ አልያዘም። ቤቱም ደኅና ነው ተብሎ ተመዘገበ። ክብሪቱ ያልዋሸ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በአንድ ቅጠል ጫፍ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ የተያዘ ክብሪት ስለዚያ ጫፍና ስለ ክብሪቱ ይናገራል እንጂ፣ በጣሪያው ሥር ሙቀት ተከማችቶ ጨርቁ ሁሉ ተን ሲያወጣ ስለሚሆነው ነገር አይናገርም። ጌይ-ሉሳክ የመስፋትን ቁጥር ለማግኘት ጋዙን ከእርጥበት ለማጽዳት የደከመው፣ ሳይመዘን የተባለ ነገር እንዳልተባለ ስለሚቆጥረው ነው።

ዛሬ በአሜሪካ ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 701 በሚባለው መደበኛ ፈተና፣ ከቀላል ጨርቅ ዓይነቶች አሥር ቁራጭ ተቆርጦ ይመዘናል፤ እያንዳንዱ ተንጠልጥሎ ለ45 ሴኮንድ ነበልባል ይይዛል፤ ከዚያ እንደገና ይመዘናል። አማካይ የክብደት ጉድለቱ ከ40 በመቶ ካለፈ ወድቋል። የሚንጠባጠበው ነገርም መሬት ላይ በአማካይ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ከነደደ ወድቋል። የክብሪት ፈተናም ጨርሶ አልተሻረም፤ በቦታው ላይ ለሚደረግ ቁጥጥር ቀርቷል፤ ነገር ግን ቁራጩ ከጌጡ ተቆርጦ ደኅና ቦታ ላይ ይሞከራል፣ የላቦራቶሪውንም ፈተና አይተካም።

ሌላው ለውጥ የዕቃው ነው። የጌይ-ሉሳክ ጨው የሚሠራው ውሃ በሚጠጣ ጭረት ውስጥ ነው። የዛሬው ሰው ሠራሽ ዛፍ ግን ቅጠሉ ፖሊኤስተር፣ ግንዱና ግንጣዩ ፖሊኤትሊን ነው። ፖሊኤትሊን እንደ ሰም ውሃን ይገፋል፤ በላዩ የተረጨው የጨው ውሃ ተንጠባጥቦ ይወርዳል፣ የቀረውም ሲደርቅ በአቧራ መጥረጊያ ይራገፋል። ከዚህም በላይ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ቀልጦ እየነደደ ይንጠባጠባል፤ ከላይ የተነሣው እሳት ከታች ምንጣፍ ላይ ሌላ እሳት ያስነሣል ማለት ነው። ስለዚህ ለጨርቅ የተዘጋጀ ርጭት ገዝቶ በፕላስቲክ ቅጠል ላይ መርጨት ምስክር ወረቀት ያስገኝ እንደሆነ እንጂ ጥበቃ አያስገኝም።

የሚሻለው ቅመሙ ፕላስቲኩ ከመቀረጹ በፊት በቅላጩ ውስጥ ሲደባለቅ ነው። እዚህ ላይ የ1821ዱ ሁለት ወገኖች ተመልሰው ይመጣሉ። የአሉሚኒየምና የማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ሲሞቁ ውሃ በተን መልክ እየለቀቁ ነበልባሉን ያቀጥናሉ፤ ይህ የሁለተኛው ወገን ሥራ ነው። አሞኒየም ፖሊፎስፌት ያለባቸው ድብልቆች ደግሞ አብጠው አረፋ መሰል ከሰል ይሆኑና ከሥሩ ያለውን ይሸፍኑታል፤ ይህም የመስታወቱ ሽፋን የልጅ ልጅ ነው። ከሁለቱ ውጭ የሆኑት የብሮሚን ቅመሞች በነበልባሉ ውስጥ ገብተው የመቃጠሉን ሰንሰለት ይበጥሳሉ። ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ በአፈርና በእንስሳ አካል ውስጥ ሳይበሰብሱ የሚከማቹ ሆነው ስለ ተገኙ ከ2009 ጀምሮ በስቶክሆልም ስምምነት የክልከላ መዝገብ ውስጥ እየገቡ ናቸው። ቀድሞ የተገዛ ዕቃ ቢሆንና መርጨት ግድ ቢል፣ ፕላስቲክ ላይ የሚጣበቅ ማያያዣ ያለበት ቅባት ተመርጦ፣ ከተቀባው ቁራጭ ተወስዶ ሊፈተን፣ የተቀባበት ቀንም ሊጻፍ ይገባል። በአዲስ አበባ የሠርግ አዳራሾች ጣሪያ በአርቲፊሻል አበባና በመጋረጃ ተሸፍኖ፣ ከሥሩ አምፖልና ሻማ ሲበራ ላየ መሐንዲስ ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም።

ወደ ሕይወቱ ታሪክ ለመመለስ፣ ጌይ-ሉሳክ ከ1821 በኋላ ወደ ጨርቁ ጉዳይ እምብዛም አልተመለሰም። ጊዜው የወሰደው በሌላ የመለካት ሥራ ነው። የመጠጥን የአልኮል መጠን የሚያሳይ መለኪያ ሠራ፤ መንግሥትም ለግብር መሰብሰቢያ ተቀበለው። የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካዎች ወደ አየር ይለቁት የነበረውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ መልሶ የሚይዘውንና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ግንብ ሐሳብ አቀረበ። በገንዘብ ማምረቻው ቤት ዋና መርማሪ ሆኖ ሳለ የብርን ጥራት በእሳት ከመፈተን ይልቅ በጨው ውሃ መለካት እንደሚሻል በ1832 ባሳተመው ሥራ አሳየ። ለዘመናት በእሳት ሲፈተን የኖረው ብር ከትክክለኛው መጠን አንሶ ሲቆጠር መኖሩ የታወቀው በዚህ ነው። ወጣቱ ዩስቱስ ሊቢግ በላቦራቶሪው በሠራበት ጊዜ፣ አንድ ሙከራ በተሳካ ቁጥር መምህሩ ከተማሪው ጋር ይጨፍር እንደ ነበር ሊቢግ በኋላ ተርኳል። ቁጥብና ቀዝቃዛ ተብሎ ለሚነገርለት ሰው ይህ ያልተጠበቀ ጠባይ ነው።

በ1831 የትውልድ አውራጃውን ወክሎ የሕዝብ እንደራሴ ሆነ፤ በ1839 ደግሞ ከፈረንሳይ መሳፍንት ምክር ቤት ገባ። በፖለቲካው ያን ያህል አልተሰማም፤ ሲናገርም ባብዛኛው ስለ ኢንዱስትሪና ስለ ሙያ ነበር። በስተርጅናው ላቦራቶሪ ውስጥ ሌላ ጠርሙስ ፈንድቶ እጁን አቆሰለው። ከዚያ በኋላ ጤናው ሙሉ አልሆነለትም ይባላል።

ሕመሙ በጸናበት ጊዜ የኬሚስትሪ ፍልስፍና የሚል ርእስ የሰጠው፣ ጀምሮ ያልፈጸመው የመጽሐፍ ረቂቅ በእጁ ነበር። ያልተጠናቀቀ ሥራ በስሙ እንዲወጣ አልፈለገም፤ ልጁን ዡልን አስጠርቶ እንዲያቃጥለው እንዳዘዘው ይተረካል። ሜይ 9 ቀን 1850 በፓሪስ በ71 ዓመቱ ዐረፈ፤ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብርም ተቀበረ።